በአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ፦ ኾሜይን ከጆሮ ጀምሮ መማር

እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖረው ዓይነ ስውሩ የብሉዝ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ፖል ፔና የአጭር ሞገድ ሬዲዮውን እየነካካ ጣቢያ ሲፈልግ፣ ከሞስኮ በሚተላለፍ ፕሮግራም ላይ ሰምቶት የማያውቀው ዓይነት ዘፈን ጆሮው ገባ። የሚዘፍነው አንድ ሰው ነው፤ የሚሰማው ግን ሁለት ድምፅ። ከታች ወፍራሙ ሳይቋረጥ ይዘልቃል፤ ከላይ ደግሞ ፉጨት የመሰለ ቀጭን ዜማ ይወጣል፣ ይወርዳል። ኾሜይ የሚባለው ይህ ዘፈን የመጣው ከሞንጎሊያ ጋር ከምትዋሰነው የሩሲያ ፌዴሬሽን ሪፐብሊክ ከቱቫ ነበር። ፔና የዘፈኑን ቅጂ ፈልጎ ለማግኘት ዓመታት ፈጀበት። በአጠገቡ አስተማሪ አልነበረም፤ ያገኘውን ቅጂ ደጋግሞ እየሰማ፣ የራሱን ድምፅ ከሰማው ጋር እያመሳከረ ራሱን በራሱ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1995 የቱቫ ዋና ከተማ ክዝል ድረስ ተጉዞ ከተወላጆቹ ጋር ተወዳደረና ካርጊራ በሚባለው ወፍራም ስልት አሸነፈ። ቱቫዎች ለድምፁ «የምድር መንቀጥቀጥ» የሚል ቅጽል አወጡለት። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ጄንጊስ ብሉዝ» ዘጋቢ ፊልም ላይ ይገኛል።

ይህን ስልት ለመሞከር የሚነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፔና በተቃራኒው ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ጉሮሯቸውን አስጨንቀው ያጉረመርማሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው ይዘጋል፤ «ይኼ የእኛ ነገር አይደለም» ብለውም ይተዉታል። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ አፍ፣ ጉሮሮ በመጨረሻ። ጥሞና ኖሮት በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ ሰው ድምፁን ሳይጎዳ ከሁለተኛው ድምፅ ጋር ይተዋወቃል።

ከማንም ሰው ጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ብቻውን አይወጣም። የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ 100 ጊዜ ሲርገበገቡ 100 ኸርዝ የሆነው መሠረታዊ ድምፅ ይፈጠራል፤ አብረውት 200፣ 300፣ 400 እያሉ ወደ ላይ የሚቀጥሉ ቀጫጭን ድምፆች ይወጣሉ። ሃርሞኒክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጆሮ ሁሉንም አዋህዶ እንደ አንድ ድምፅ ስለሚቀበላቸው ተለይተው አይታወቁም። የአፍና የጉሮሮ ባዶ ቦታ እንደ ቅርፁ አንዳንዶቹን ያጎላል፣ ሌሎቹን ያደበዝዛል፤ «ኡ»ን ከ«ኢ» የሚለየውም ይኸው ነው። ስለዚህ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ሃርሞኒክ መምረጥ ጀምሯል ማለት ይቻላል። በገና የሚወድ አድማጭ ነገሩን በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ አውታሩ በሚያርፍበት ድልድይ ላይ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ አውታሩን እያስነዘረች ሃርሞኒኮቹን ታበዛለች፤ የበገናን ድምፅ እንዲያ ጥልቅና የተሞላ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

የቱቫ ዘፋኝ ልዩነቱ የማጉላቱ ስፋት ነው። ተራ ንግግር ብዙ ሃርሞኒኮችን በአንድነት ሲያጎላ፣ እሱ አንዷን ብቻ ነጥሎ ከሌሎቹ በላይ ያወጣታል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ኢላይፍ» በተባለ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ሁን ሁር ቱ የተባለውን የቱቫ ቡድን ዘፋኞች ድምፅ መርምሮ፣ በአፍ ውስጥ ተለያይተው የሚኖሩት ሁለት የማጉያ ቦታዎች አንድ ላይ ተገፍተው ጠባብና ኃይለኛ እንደሚሆኑ አሳይቷል። ጉልበቱ የሚከማቸው ከ1000 እስከ 2000 ኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ የሰው ጆሮ እዚያ አካባቢ ንቁ ነው።

ጆሮን ማንቃት

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳይዘፍኑ ያሳልፉት። ኮንጋር ኦል ኦንዳርን ያድምጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ያረፈው ይህ የቱቫ ዘፋኝ ፔናን ወደ ክዝል የጋበዘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው ሁን ሁር ቱ ስልቶቹን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሸጋግር ልዩነታቸው ጎልቶ ይሰማል። ጀርመናዊቷ አና ማሪያ ሄፈለ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ቪዲዮ ደግሞ ለጀማሪ ከሁሉ ይጠቅማል፤ ላይኛውን ድምፅ አቁማ ታችኛውን ስታንቀሳቅስ፣ ቀጥላም ታችኛውን አቁማ ላይኛውን ስታዘፍን ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው ያለ ምንም ማብራሪያ ይገባል።

በሚያዳምጡበት ጊዜ በመጀመሪያ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ይከተሉ። ከዚያ እሱን ይተዉትና ፉጨቱን ብቻ ይከተሉ። ሁለቱን በየተራ መያዝ ሲቀልዎት የራስዎን ድምፅ ለመስማት ዝግጁ ነዎት። ድምፅን በምስል የሚያሳይ ስፔክትሮግራም የተባለ መተግበሪያ በስልክ ላይ መጫንም ይረዳል። «ኣ» ብለው ሲያዜሙ በስክሪኑ ላይ ተደራርበው የሚሄዱ አግዳሚ መስመሮች ያያሉ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሃርሞኒክ ነው። የአፍዎን ቅርፅ ሲቀይሩ ከመስመሮቹ አንዳንዱ ይደምቃል፣ አንዳንዱ ይፈዛል። ጆሮ ገና ያልለየውን ዓይን ቀድሞ ስለሚያየው፣ ተስፋ ለመቁረጥ ለሚቸኩል ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው።

ቦታ መምረጥም ዋጋ አለው። ምንጣፍና መጋረጃ የሞላበት ሳሎን ቀጫጭን ድምፆችን ይውጣቸዋል፤ ግድግዳው ሴራሚክ የሆነ መታጠቢያ ቤት ወይም ባዶ የደረጃ አዳራሽ ግን መልሶ ያሰማዎታል። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ አንድ መዳፍ ከጆሮ ጀርባ፣ ሌላውን ከአፍ ፊት ለፊት አድርገው ድምፁን ወደ ጆሮዎ ይመልሱት።

አፍን መቅረፅ

አሁን ድምፅ ይውጣ። ከንግግር ድምፅዎ ብዙ የማይርቅ፣ ያለ ጭንቅ ረዘም አድርገው ሊይዙት የሚችሉትን ከፍታ ይምረጡ። ለወንድ ከ100 እስከ 150 ኸርዝ፣ ለሴት 200 አካባቢ ይስማማል። ሴቶች መሠረታዊ ድምፃቸው ከፍ ስለሚል በሃርሞኒኮቻቸው መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ በአፍ ቅርፅ የሚደርሱባቸው ደረጃዎች ቁጥር ያንሳል፤ በምትኩ እያንዳንዱን ነጥሎ መያዝ ይቀላል። ስለዚህ ሴት አንባቢ በመጀመሪያው ጊዜ የድምፅዋን ዝቅተኛ ክልል ብትመርጥ የምትጫወትበት ደረጃ ይበረክትላታል። በኪቦርድ ወይም በስልክ መቃኛ ያንኑ ከፍታ ያስጀምሩና ከሱ ሳይወጡ ይዘምሩ። መሠረቱ ከተንቀሳቀሰ ላዩም አብሮት ስለሚሸሽ ጆሮ ምን እንደተቀየረ አያውቅም።

«እንግዳ» የሚለውን ቃል ቀስ ብለው ይጀምሩና «ግ» ላይ ከመድረስዎ በፊት በ«ን» ላይ ይቁሙ። የምላስዎ የኋላ ክፍል ተነሥቶ ላንቃውን ሲዘጋና ድምፁ በአፍንጫ ሲወጣ ይሰማዎታል። ይህን ድምፅ እንደያዙ ምላሱን በጣም በጥቂቱ ይልቀቁት፤ ድምፁ ከፊሉ በአፍ፣ ከፊሉ በአፍንጫ ይውጣ። ከንፈሮችዎን ለፉጨት እንደሚያዘጋጁ ያሹሏቸውና «ኡ» ይበሉ። ከዚያም ከንፈሩን እንዳሾሉ፣ የምላሱን መካከለኛ ክፍል ብቻ ወደ ፊትና ወደ ላይ እያንሸራተቱ ወደ «ኢ» ይሂዱ። ጉዞው አሥር ሴኮንድ ይፍጅ። ይህ ዝግታ ለልምምዱ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ በተለመደው የንግግር ፍጥነት ከተሄደ ሃርሞኒኮቹ ሳይሰሙ ያልፋሉ።

የተሳካ እንደሆነ ማወቂያው አንድ ነው። ላይኛው ድምፅ እንደ ሲረን እየተንሸራተተ አይወጣም፤ በደረጃ ይዘላል። ሃርሞኒኮች የተወሰነ ቦታ ስላላቸው በሁለቱ መካከል የሚቆም ነገር የለም። በሂደቱ ላይ ትንሽ ፉጨት የመሰለች፣ ለአፍታ ደምቃ የምትጠፋ ድምፅ ከሰሙ እዚያው ይቁሙ። ምላስዎን በፀጉር ስፋት ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ በጣም የምትደምቅበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ካገኙትም በኋላ አፍዎ ምን ዓይነት ቅርፅ እንደያዘ ልብ ይበሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዲት ደረጃ ብቻ ማግኘት በቂ ነው።

ምንም ካልተሰማ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ነው። መንጋጋው በየአናባቢው እየተከፈተና እየተዘጋ ከሆነ አውራ ጣትዎን ከአገጭ በታች አድርገው ያስቁሙት። ትንፋሹ ብዙ ከሆነ ድምፁ ሻካራ ይሆናል፤ ትንፋሽ ይቀንሱና ድምፁን ጠበቅ ያድርጉት። ሁሉም በአፍንጫ እያለፈ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በሚዘምሩበት መሐል አፍንጫዎን በጣት ይጫኑ፤ ድምፁ ፈጽሞ ከቆመ ምላሱ ገና አልተላቀቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው የአፍ ስልት ከዚህ ይከብዳል፤ ውጤቱ ግን ጥርት ያለ ነው። «ልጅ» ለማለት እንደጀመሩ በ«ል» ላይ ይቁሙ። የምላሱ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ካለው ድድ ጋር ተጣብቋል። የምላሱን ዳርና ዳር በላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ላይ ያስጠጉና በአንድ በኩል ብቻ ለድምፅ ትንሽ መውጫ ይተዉ። በዚህ ጊዜ አፍ በምላሱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከኋላው አንድ፣ ከፊቱ አንድ ክፍል ይሆናል። የምላሱን ጫፍ ሳያነሡ መካከሉን «ኡ-ኢ» እያሉ ያንቀሳቅሱት፤ ከንፈሮችን ወደ ፊት ያሹሏቸው። ሲጊት የተባለው የቱቫ ስልት ፉጨቱ እንዲያ የሚቆርጠው በዚህ አቀማመጥ ነው። የቱቫ ሰዎች ኮሙስ የሚሉት በጥርስ መካከል ተይዞ በጣት የሚመታ የብረት መሣሪያም ለዚህ ልምምድ ያገለግላል፤ ድምፁን መሣሪያው ስለሚሰጥ ጉሮሮ ያርፋል፣ አፍ ብቻ ይሠራል።

ከደረጃ ወደ ዜማ

አራት ወይም አምስት ደረጃዎች ተለይተው ሲወጡልዎት መዝፈን ይቻላል። መሠረቱ 150 ኸርዝ ከሆነ 6ኛው ሃርሞኒክ 900፣ 8ኛው 1200፣ 9ኛው 1350፣ 10ኛው 1500፣ 12ኛው 1800 ኸርዝ ላይ ይገኛሉ። የቱቫ ዘፋኞች ዜማቸውን በአብዛኛው የሚሠሩት ከእነዚህ ነው፤ 7ኛውንና 11ኛውን ይዘሏቸዋል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ያለው ሰው የቀደመ ስንቅ አለው። 8፣ 9፣ 10 እና 12 ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ናቸው፤ 6ኛው ደግሞ ከዶ በታች ያለው ሶል። የሜጀር ትዝታ ቅኝት አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆኑ፣ ከላ በቀር ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ተዘርግተው ይጠብቃሉ። 13ኛው ሃርሞኒክ ላ ለመሆን ጥቂት ያንሳል፤ ከፍታው ጆሮን ስለሚኮረኩር ለመጀመሪያው ጊዜ ይተዉት። ስለዚህ የሚያውቁትን የሜጀር ትዝታ ዜማ በልብዎ እያንጎራጎሩ፣ አፍዎ ከዶ ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ሚ እንዲሸጋገር ይሞክሩ። ዜማው የት መሄድ እንዳለበት ጆሮ ቀድሞ ስለሚያውቅ ምላስ ይከተላል። በአውሮፓ ሙዚቃ ብቻ ያደገ ተማሪ የሚጎድሉትን ፋና ሲ ሲፈልግ ይደናገራል፤ በአምስት ድምፅ ያደገ ሰው ግን አይፈልጋቸውም።

ጉሮሮ በመጨረሻ

ኾሜይና ሲጊት ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ጉሮሮው ጠበቅ ሲል ነው። መጥበቁ ሃርሞኒኮቹን ያበዛል፣ ትንፋሹንም ይቆጥባል። ከባድ ዕቃ ሊያነሡ ሲሉ ትንፋሽዎን የሚይዙበትን ቅጽበት ያስቡ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነው በዝግታ «ኧ» ይበሉ። የሚወጣው ጠበቅ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ነው። መጥበቁ ከጉሮሮው ሥር ይሁን እንጂ አንገት፣ ትከሻና መንጋጋ መላላት አለባቸው። በመስታወት ፊት ቆመው የአንገትዎ ጅማቶች መገተራቸውን ካዩ ኃይሉ በዝቷል።

ካርጊራ ሌላ ነው። ከእውነተኞቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ሁለት እጥፋቶች አሉ፤ ስንናገር አይንቀሳቀሱም። የካርጊራ ዘፋኝ እነዚህን ያቀራርብና ከታችኞቹ ግማሽ ፍጥነት እንዲርገበገቡ ያደርጋቸዋል። በዚህ የተነሣ ከሚዘፍነው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ሌላ ድምፅ ይሰማል። ለመጀመር ጉሮሮን እንደመጥረግ ያለ ቀላል «እህ» ይበሉ፤ ሳል ሳይሆን፣ ጩኸትም ሳይሆን፣ ጸጥ ባለ ድምፅ። ያንን ርግብግብታ በትንሽ ትንፋሽ ለማስረዘም ይሞክሩ፤ ከተያዘ በኋላ «ኦ» እና «ኣ» እያፈራረቁ ሃርሞኒኮቹን ያዘፍኑ።

ለሁለቱም አንድ ሕግ አለ። ማሳከክ፣ ሳል ወይም ሕመም ከመጣ የዚያ ቀን ልምምድ አበቃ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጉሮሮ ልምምድ በቀን ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ የአፍ ልምምድ ግን ቢረዝም አይጎዳም። ውኃ ይጠጡ። ጉንፋን በያዘዎት ሰሞን ይተዉት። የድምፅ መጎርነን ከሦስት ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ዘፈን ሥራቸው የሆኑ ሰዎችና መዘምራን ካርጊራን ቢቻል አስተማሪ አጠገባቸው ሆኖ ቢሞክሩት ይሻላል።

በቱቫ ይህ ስልት ለዘመናት የወንዶች ብቻ ነበር፤ ሴት ብትዘፍነው ለመውለድ ያዳግታታል የሚል እምነትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ቲቫ ኪዚ የተባለ የሴቶች ቡድን ይህን እምነት በመድረክ ሰብሮታል። ሴት አንባቢ ከእነሱ ቅጂዎች ብትጀምር ከወንዶቹ ይልቅ ለድምፅዋ የሚቀርብ ምሳሌ ታገኛለች።

ከሌሎቹ ምን ይወሰዳል

ኾሜይ የቱቫ ብቻ አይደለም። የሞንጎሊያው ባህል እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ርቀው ያሉ ሕዝቦችም በየራሳቸው መንገድ እዚሁ ደርሰዋል፤ ከሁሉም ለአፍሪካዊ አንባቢ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካ ኾሳዎች ኡምንቆኮሎ ነው።

ኡምንቆኮሎ የሴቶች ነው። በምሥራቃዊ ኬፕ፣ በሌዲ ፍሬር አካባቢ ያሉ ሴቶች ወፍራም፣ ሻካራ ድምፅ አውጥተው ሃርሞኒኮቹን በአፋቸው ያዘፍናሉ፤ የንቆኮ መንደር ሴቶች ቡድን በዚህ ከአገሩ ውጭም ታውቋል። ስልቱ ከአፍ ጋር ተጠግቶ ከሚጫወቱት ኡምሩብሄ ከተባለ የቀስት መሣሪያ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ በመሣሪያውም በድምፁም የሚሠራው አፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ሙዚቃ ያጠናው ዴቭ ዳርጊ ከዘፋኞቹ የሰማው አንድ ነገር ይደንቃል፤ ልጆች ጥንዚዛ በእሾህ ሰክተው ከአፋቸው ፊት ይይዙና፣ የክንፉን እምምታ በአፋቸው ቅርፅ ወደ ዜማ ይለውጡት ነበር። አንዱ የኡምንቆኮሎ ዓይነት የመጣው ያንን ድምፅ በጉሮሮ ከመኮረጅ ነው። ለጀማሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የድምፁ ምንጭ ጥንዚዛም ይሁን አውታር ወይም ጉሮሮ፣ ዜማውን የሚሠራው የአፍ ቅርፅ ነው።

የሳርዲኒያ ደሴት እረኞች ካንቱ ኣ ቴኖሬ በአራት ወንዶች ይዘፈናል፤ ከአራቱ ሁለቱ ጉሮሯቸውን ያጎረንናሉ። በዚያው ደሴት ካስቴልሳርዶ በተባለች ከተማ ደግሞ የማኅበር አባላት በሰሙነ ሕማማት የሚያዜሙት አራት ድምፅ ያለው መዝሙር አለ። አራቱ ድምፃቸው በትክክል ሲጣጣም ሃርሞኒኮቻቸው ይገናኙና ማንም ያላወጣው፣ የሴት የመሰለ አምስተኛ ድምፅ ከላይ ይሰማል፤ ዘማሪዎቹም የእመቤታችን ድምፅ አድርገው ይቀበሉታል። ይህን ከጓደኞች ጋር መሞከር ይቻላል። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግታችሁ፣ በአንድ ከፍታና በአንድ አናባቢ ረዘም አድርጋችሁ ዘምሩ፤ ማንም ጎልቶ ለመውጣት አይሞክር።

የቲቤት ጊዩቶ ገዳም መነኮሳት እጅግ ዝቅተኛ ድምፅ ከዚህ ጋር ቢዘመድም የሚያወጡት በጸሎት ጊዜ ነው፤ ከመምህር ወደ ተማሪ በሥርዓት ይተላለፋል። በአክብሮት ያድምጡት እንጂ ለመዝናኛ አይኮርጁት። በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ የኢኑዊት ሴቶች ካታጃክ ደግሞ ከነጭራሹ የተለየ ነገር ነው፤ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው በሚያስገቡትና በሚያስወጡት ትንፋሽ ድምፅ ይቀባበላሉ፣ ቀድማ የሳቀች ወይም ትንፋሽ ያጠራት ትሸነፋለች። ሃርሞኒክ መምረጥ በውስጡ የለም፤ በልማዱም ለብቻ አይዘፈንም።

ልምምዱን በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያህል ይያዙትና በየሳምንቱ በስልክ ይቅዱት፤ በራስ ቅል ውስጥ የሚሰማውና ሌላ ሰው የሚሰማው ስለሚለያይ ቅጂው ይታመናል። ላይኛው ዜማ በቅጂው ላይ ሲሰማ መሣሪያ ለመጨመር ጊዜው ነው። ቱቫዎች ዶሽፑሉርና ኢጊል ከተባሉ የክር መሣሪያዎች ጋር ይዘፍናሉ፤ ክራር ያለው ሰው ክራሩን ይጠቀም። የክራሩን ዶ ከመሠረታዊ ድምፅዎ ጋር አንድ አድርገው በሜጀር ትዝታ ይቃኙ፤ ሚውን ግን በስልክ መቃኛ አይቃኙት። 10ኛው ሃርሞኒክ መቃኛው ከሚያሳየው ሚ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያ 10ኛውን በድምፅዎ ያውጡ፣ ከዚያ የክራሩን ሚ በጆሮ እየሰሙ ወደዚያ ዝቅ ያድርጉት።